ለመርዳት የሚመጡት፣ ለመማር የሄዱት

መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩባቸው የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ተማሪዎች በየዓመቱ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ይጓዛሉ። የዚህ ትምህርት የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ከእነዚህ ጉዞዎች የትኛው ፍሬ እንዳፈራ፣ የትኛውስ ምን እንዳስከፈለ ይናገራል።

ከአክራ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ሜዳውን ጨርሶ የአኩዋፔምን ተራሮች ሲይዝ አየሩ ይለወጣል። የባሕር ዳርቻው ወበቅ ይቀርና ነፋስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመውን የአቡሪ የዕፀዋት ሥፍራ አልፎ በተራራው ጀርባ ጥቂት እንደተሄደ ማምፖንግ ይደረሳል። ጋናውያን ይህችን ከተማ የሚያውቋት በካካዎ ነው። ቴቴ ኳርሺ የተባለው አንጥረኛ ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ይዞት የመጣውን ዘር እ.ኤ.አ. በ1879 ተክሎ ለፍሬ ያበቃው እዚህ ነው፤ አገሪቱን ለረጅም ዘመን የቀለበው ሰብል መነሻው ከባሕር ማዶ የመጣ እፍኝ ዘር መሆኑ ነው።

መስማት የተሳናቸው አፍሪካውያን ግን ማምፖንግን የሚያነሷት በትምህርት ቤቷ ነው። በጋና መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አክራ ላይ ተጀምሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ የተደላደለው እዚህ ነው። ዛሬ በጋና ልዩ ልዩ ክልሎች፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በእኛም አገር እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። የአሜሪካና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ዕረፍት ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶችን የጫነ ሚኒባስ በአንዳንዶቹ ደጃፍ ይቆማል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ጸጥ ያለ ግቢ የጠበቀ እንግዳ ከሚኒባሱ ሲወርድ ይደነግጣል። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚውሉበት ግቢ ጸጥታ አያውቅም። ሳቁም ጩኸቱም ይሰማል። ጓደኛውን መጥራት የፈለገ ጠረጴዛ ይደበድባል ወይም ወለሉን በእግሩ ይመታል፤ ንዝረቱ ይደርሳልና። ከሩቅ ያለው በክንድ ውልብልቢት ይጠራል፣ ከቅርብ ያለው ትከሻውን መታ መታ ይደረጋል። ሁለት ልጆች በሜዳው ዳርና ዳር ቆመው፣ በመካከላቸው ኳስ እየተጠለዘ፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ሳያስፈልጋቸው ሲያወጉ ይታያሉ።

ግራ የሚጋባው ሰሚው እንግዳ ነው። ልጆቹ ከበው በፍጥነት ይጠይቁታል፦ ስምህ ማን ነው? ከየት መጣህ? ሰሚ ነህ ወይስ እንደኛ? እሱ ግን ከመፈገግና አውራ ጣቱን ከማንሳት በቀር መልስ የለውም። በአዳራሽ ንግግር አድርጎ የሚጨበጨብለት የሃያ ዓመት ወጣት እዚህ ከስድስት ዓመት ልጅ ያነሰ አንደበት ይኖረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም ማውጣት ነው። ስምን በጣት ፊደል አንድ በአንድ መቁጠር አድካሚ ስለሆነ ልጆቹ እንግዳውን ትኩር ብለው ያጠኑታል። ሲስቅ ጉንጩ ከተሰረጎደ አንዷ ጣቷን ጉንጯ ላይ ታሾራለች፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ካለ ሌላው ያንን ይጠቁማል፤ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ስሙም ያ ሆኖ ይቀራል። ሥርዓቱ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ነው። የምልክት ስም የሚያወጣው ከማኅበረሰቡ የሆነ ሰው ነው፤ ሰሚ እንግዳ ለራሱ አያወጣም፣ የወጣለትንም ተቀብሎ ይኖራል።

ከዚያ ወዲያ ያለው መርሐ ግብር የታወቀ ነው። የመማሪያ ክፍል ግድግዳ ይቀባል፣ ኳስ ጨዋታ ይደረጋል፣ ከሻንጣ የወጣ ደብተርና እርሳስ ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በመጨረሻው ቀን ለቅሶ ያለበት ስንብት ይሆናል። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይባላል። እነዚህ እንግዶች ግን ገና ወርቅ ሳሉ ነው የሚሄዱት። ምልክቱን ለመልመድ፣ መምህሩ በምን እንደሚቸገር ለማየት፣ ልጁ ስለ ቤቱ የሚያወራውን ለመከታተል የሚያስፈልገው ጊዜ ብርና ብረት ከሆኑ በኋላ ያለው ነው።

ታዲያ አጭር ጉዞ ዋጋ የለውም ማለት ነው? ታሪኩ እንደዚያ አይልም። ከአሜሪካ ተነሥቶ ባሕር የተሻገረ አንድ ወጣት በሦስት ወር ገደማ ቆይታ የአንድን አህጉር ታሪክ ለውጧል። ልዩነቱ የሄደበት ምክንያት ላይ ነው።

ፓሪስ፣ እ.ኤ.አ. 1816

ቶማስ ጋሎዴት የኮነቲከት ሰው፣ በትምህርቱ የሃይማኖት ሰባኪ ነበር። የጎረቤቱ የሐኪም ኮግስዌል ልጅ አሊስ በሕፃንነቷ ታማ መስማት ተስኗት ነበር፤ በአሜሪካ ደግሞ ለእንደ እሷ ያሉ ልጆች የሚሆን ቋሚ ትምህርት ቤት ገና አልነበረም። አባትየውና ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ጋሎዴትን እ.ኤ.አ. በ1815 ወደ አውሮፓ ላኩት። የተላከው የማስተማሩን ጥበብ ቀስሞ እንዲመለስ ነው።

በብሪታንያ ትምህርቱን የያዘው የብሬይድዉድ ቤተሰብ ዘዴውን እንደ ንግድ ምሥጢር ስለሚጠብቀው አልተሳካለትም። ለንደን ላይ ግን የፓሪሱ ተቋም ኃላፊ አባ ሲካር መስማት ከተሳናቸው ሁለት መምህሮቻቸው ከማስዬና ከክለርክ ጋር ለሕዝብ ትምህርት ሲያሳዩ አገኛቸው። ተጋብዞ ፓሪስ ሄደ፤ ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ምልክት ተማረ። ጊዜውና ገንዘቡ ሲያልቅበት ራሱ ብቻውን የተማረው እንደማይበቃ ስለገባው ሎራን ክለርክን አብሮት እንዲሄድ ለመነው። በመርከቡ ላይ 52 ቀን ሲጓዙ ክለርክ እንግሊዝኛ ከጋሎዴት፣ ጋሎዴትም ምልክት ከክለርክ ሲማሩ ሰነበቱ። ሚያዝያ 1817 (እ.ኤ.አ.) ሃርትፎርድ ላይ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ክለርክም መስማት የተሳነው የውጭ አገር ሰው ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ አስተማረበት።

ዛሬ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የሚባለው ክለርክ ከፓሪስ ያመጣው ምልክትና ልጆቹ ከየቤታቸውና ከየመንደራቸው ይዘውት የመጡት ተቀላቅለው የወጣ ነው። ወደ ሃርትፎርድ ከመጡት መካከል የማርታስ ቪንያርድ ደሴት ልጆች ነበሩበት። በዚያ ደሴት በዘር የሚተላለፍ አለመስማት ስለበዛ ሰሚውም ጭምር በምልክት ያወራ ነበር። የደሴቱ ቋንቋ ለአዲሱ ቋንቋ ብዙ ሰጥቶ፣ ራሱ ግን በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ተናጋሪ አጥቶ ጠፋ። ይህ በኋላ አፍሪካ ውስጥ የተደገመ ታሪክ ስለሆነ ማስታወሱ ይጠቅማል።

የፎስተር ትምህርት ቤቶች

አንድሩ ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1925 አላባማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት እሱም ወንድሙም መስማት ተሳናቸው። ዘመኑ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚማርበት ስለነበር ለጥቁር ልጆች ብቻ በተመደበ ትምህርት ቤት ተማረ። ዋሽንግተን ወደሚገኘውና በጋሎዴት ስም ወደሚጠራው ኮሌጅ ለመግባት ብዙ ጊዜ ደጅ ጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆነ።

ጋና ነፃነቷን ባገኘችበት በ1957 (እ.ኤ.አ.) አክራ ገባ። ሕንፃ አልነበረውም። የሰሚ ልጆች ትምህርት ካበቃ በኋላ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆኑ ክፍሎችን ተውሶ ማስተማር ጀመረ። አንድ አዋቂ ሰው፣ ያውም መስማት የተሳነው፣ ያውም ጥቁር፣ በእጁ ሲያስተምር ማየት ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም አዲስ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ሊማር የማይችል አድርጎ ነበር የሚያየው።

ፎስተር በምልክት ማስተማሩ በራሱ ደፋር እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ፣ በብዛት ሰሚ የሆኑ መምህራን፣ ምልክት ከክፍል ወጥቶ ልጆች በአፍ መናገርና ከንፈር ማንበብ ብቻ እንዲማሩ ወስነው ነበር። ያ ውሳኔ በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰፍኖ ኖረ፤ የጉባዔው ወራሽ የሆነው ስብሰባ ውሳኔውን በይፋ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። ፎስተር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአገር አገር እየዞረ በምዕራብ፣ በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ 13 አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች አቋቋመ። ናይጄሪያ ኢባዳን ላይ ከየአገሩ ለሚመጡ መምህራን ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ ተመልሰው የየአገራቸውን ትምህርት ቤት ያዙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 ሩዋንዳ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ትምህርት ቤቶቹ ግን አልተዘጉም፤ የሚያስቀጥል ሰው ነበራቸውና።

ከተራራው ግርጌ ያለችው መንደር

ፎስተር ከትምህርቱ ጋር የአሜሪካን ምልክት ይዞ መጣ። ለዚህ ነው ዛሬ ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከካሜሩንና ከሌሎችም አገሮች የመጡ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲገናኙ በብዛት የሚግባቡት። ይህ ታላቅ ሀብት ነው፤ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም።

ከማምፖንግ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአኩዋፔም ተራሮች ግርጌ አዳሞሮቤ የምትባል የገበሬ መንደር አለች። በዘር የሚተላለፍ አለመስማት ለብዙ ትውልድ ስለኖረባት የራሷ ምልክት ቋንቋ አላት፤ ዕድሜው ወደ ሁለት መቶ ዓመት እንደሚሆን ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጥናት ሲደረግ ከአሥር ነዋሪ አንዱ ያህል መስማት የተሳነው ነበር። ሰሚው ጎረቤትም እርሻ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ በዚሁ ምልክት ይነጋገራል። ሰው መስማት ስለተሳነው ብቻ ከወሬ የማይገለልባት መንደር ናት ማለት ነው። የቋንቋ ተመራማሪዋ ቪክቶሪያ ኒስት የዚህን ቋንቋ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ2007 በዶክትሬት ጥናቷ ስታቀርብ ከአሜሪካው ምልክት ምንም ዝምድና እንደሌለው አሳይታለች።

መንደሯም ብትሆን ገነት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1975 የመንደሯ አለቃ መስማት የተሳናቸው ሁለት ሰዎች እንዳይጋቡ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው እያነሰ ሄዶ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ አነሊስ ኩስተርስ ባጠናችበት ጊዜ ከ3,500 ገደማ ነዋሪ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ማምፖንግ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ከአሜሪካው የተወለደውን የጋና ምልክት ቋንቋ ይማራሉ፤ ለዕረፍት ሲመለሱ በአዲሱ ይነጋገራሉ። ትምህርት ቤቱ መጻፍና ማንበብ፣ ሙያ፣ ከመንደር ውጭ ያለ ዓለም ሰጣቸው። ከአያቶቻቸው ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ ግን በየትውልዱ እየሳሳ ነው።

የማርታስ ቪንያርድ ታሪክ ተደገመ ማለት ይህ ነው። ፎስተር ራሱ መስማት የተሳነው፣ ሕይወቱን ለዚህ የሰጠ ሰው ሆኖ ሳለ ያመጣው ነገር እንዲህ ያለ ጥላ ካጠላ፣ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ ሰሚ ተማሪ ከዩቲዩብ የለመደውን የአሜሪካ ምልክት ለጋና፣ ለኬንያ ወይም ለኢትዮጵያ ልጅ «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ሲያርም ምን እየሠራ እንደሆነ ማሰብ አያቅትም።

ሻንጣው ውስጥ ያለው መሣሪያ

ተማሪዎች ይዘው ከሚመጡት ስጦታ ሁሉ በጣም የሚደነቀው የመስሚያ መሣሪያ ነው። አያት የተጠቀሙበት፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ፣ በልግስና የተሰበሰበ። ፎቶው ላይ ልጅቷ ጆሮዋ ላይ አድርጋው ስትስቅ ትታያለች። ከፎቶው በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት መሣሪያውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ብዙው ዓይነት የሚሠራው የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል የዚንክ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ጀርባ ላይ ትንሽ ባለቀለም ልጣፍ አለ። ልጣፉ እስካልተላጠ ድረስ ለዓመታት ትቆያለች፤ ሲላጥ በቀዳዳዋ አየር ይገባና ሥራ ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ቢጠፋም ባይጠፋም ትደክማለች። ለብዙ ሰዓት ለሚሰማ ልጅ አንድ ባትሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ብትቆይ ነው። እንግዶቹ ትተውት የሚሄዱት ጥቅል ካለቀ በኋላ በቅርብ ያለ ሱቅ ካልሸጣት መሣሪያው ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ባትሪው ቢገኝ ሌላ ነገር አለ። ድምፁን ወደ ውስጥ የምታደርሰው ለስላሳ ፕላስቲክ በልጁ የጆሮ ቀዳዳ ልክ ተለክታ መሠራት አለባት። የሌላ ሰው ከሆነች ትሰፋለች፤ ከዳር የሚያመልጠው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባና መሣሪያው ያፏጫል። የሕፃን ጆሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ትንንሾቹ ልጆች በየጥቂት ወሩ አዲስ ልኬት ይፈልጋሉ። መሣሪያውም ራሱ በልጁ የመስማት ምርመራ ልክ መስተካከል ይኖርበታል። ለሌላ ሰው የተስተካከለው ወይ አይረዳውም፣ ወይ ድምፁ በዝቶ የቀረውን ጥቂት መስማት ይጎዳዋል። ጨርሶ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ በምርጡ መሣሪያም ቢሆን ንግግር ላይለይለት ይችላል።

ስለዚህ ስጦታው የሚሠራው ባትሪ የሚያቀርብ፣ ልኬት የሚወስድና ምርመራ የሚያደርግ ሰው በአቅራቢያ ካለ ነው። ይህ ሁሉ ከሌለ ልጁ ለጥቂት ሳምንት የሰማው ድምፅ ሲቋረጥበት፣ ስለ ራሱ አካል የሚወስነው ሌላ ሰው እንደሆነ ይማራል። ትምህርት ቤቶች ይህንን ያውቃሉ። የማይናገሩት የመጣን ስጦታ መመለስ ነውር ስለሚመስላቸው፣ ከዚያም በላይ የዛሬው እንግዳ ነገ ለጣሪያው ቆርቆሮ ሊያመጣ ስለሚችል ነው።

ትችቱ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ኢቫን ኢሊች የተባለው ካህንና ጸሐፊ ለክረምት አገልግሎት ወደ ሜክሲኮ ሊሄዱ የተዘጋጁ የአሜሪካ ተማሪዎችን በስብሰባቸው ላይ ፊት ለፊት ተናገራቸው። ቋንቋ የማታውቁ፣ ስትሳሳቱ የሚነግራችሁ ሰው የሌላችሁ፣ ገንዘባችሁ ስለሚፈለግ ብቻ የምትታገሱ እንግዶች ናችሁ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነበር። ማጠቃለያው ግን አትምጡ አይልም። ለማየት፣ ለመጎብኘት፣ ለመማር ኑ፤ ለመርዳት ግን አትምጡ ነው የሚለው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ወደ ሕግ መድረክ ደርሷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በሕፃናት መብት ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የሕፃናት ማሳደጊያዎችን የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞች ጉዞ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት አንሥቷል። የጉዞው ገበያ ራሱ ልጆች ከወላጅ ተለይተው በተቋም እንዲቀመጡ ምክንያት ይሆናልና። መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት ማሳደጊያ አይደለም፤ ልጆቹ ወላጅ አላቸው፣ ለዕረፍት ቤታቸው ይሄዳሉ። ቢሆንም ከወላጅ ርቀው ያድራሉ፣ የደረሰባቸውን ለማያውቁት ሰው ለመንገር ቋንቋ ይገድባቸዋል፣ በየወቅቱ አዲስ ፊት ይለምዱና ያጣሉ። እንግዳ ከልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅና ያለ ልጁ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚያዙ ደንቦች የተጻፉት ለዚህ ነው።

በእኛም ቤት

ኢትዮጵያ ይህንን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራን፣ 300 የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። ከመምጣታቸው በፊት አማርኛ ተምረዋል፤ የሚቆዩትም ሁለት ዓመት ነበር። ጥቂት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተወሰነ። ብዙዎቹ አስተማሪ ሆኑ። የባላገሩን ኑሮ በዓይናቸው አይተው መመለሳቸው የተማሪውን እንቅስቃሴ እንዳጋጋለው ብዙ የዘመኑ ሰዎች ይናገራሉ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን አዘመተ። ያስተማረው ተማሪ ከተማረው ገበሬ በላይ ተለውጦ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው።

መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአሜሪካ ሚሲዮናውያን የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካን ምልክት አስገብተዋል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ማኅበረሰብ ግን የመጣውን እንዳለ አልተወውም። የጣት ፊደሉን ወደ ግእዝ ፊደል አዞረው። የእንግሊዝኛው የጣት ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ የእጅ ቅርጽ ይሰጣል። የእኛው ለተናባቢው አንድ የእጅ ቅርጽ ይዞ፣ ያንኑ እጅ በሰባት ዓይነት መንገድ እያንቀሳቀሰ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች ያወጣል። ለ፣ ሉ፣ ሊ ሲባል የጣቶቹ ቅርጽ ያው ነው፤ እንቅስቃሴው ነው የሚለወጠው። የፊደል ገበታውን አሠራር የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊያስበው የሚችል መላ ነው። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ጀምሯል።

ይህ ለውጭ አገር ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ነው። እዚያ አድጎ በትምህርት ቤት የአሜሪካን ምልክት የተማረ ልጅ ክረምት ላይ ከቤተሰቡ ጋር አዲስ አበባ ሲመጣ ብዙ ምልክቶችን ያውቃቸዋል። የጣት ፊደሉ ግን አዲስ ይሆንበታል፤ ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ ፊደል ሳይቆጥር ካደገ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋበታል። እንዲህ ያለው ወጣት ትምህርት ቤት ሄዶ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ነገር ከአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሀሁ በእጁ መማር ነው። ተማሪውም፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰሚን ሰው የሚያስተምር ይሆናል።

ማን ጠራቸው?

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በዚህ ጉዳይ ሁለት ግልጽ ድንጋጌዎች አሉት። አንቀጽ 24 መንግሥታት ምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንንም ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩ ያዛል። አንቀጽ 32 ዓለም አቀፍ ትብብር አካል ጉዳተኞችን ያካተተ እንዲሆንና ድርጅቶቻቸው እንዲሳተፉበት ይጠይቃል። በዚህ ዓይን ሲታይ ለጉዞው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይዘን እንሂድ?» መሆን የለበትም። «ማን ጠራን? የጠራን ክፍል ውስጥ መስማት የተሳነው ሰው አለበት ወይ?» ነው።

መልሱ አዎ ከሆነ ቀሪው ይከተላል። የአገሩ መስማት የተሳናቸው ማኅበር ተማሪዎቹን ከመነሣታቸው በፊት በቪዲዮ ያስተምራል፤ ክፍያውም ለእሱ ይሆናል። ግድግዳ የሚቀባው የአካባቢው ቀለም ቀቢ ይሆናል፣ ምናልባትም ከትምህርት ቤቱ ሙያ ተምሮ የወጣ ወጣት። እንግዶቹ የኮምፒውተር ተማሪዎች ከሆኑ መምህራን በሚመርጡት ርእስ የአገሩን ምልክት በቪዲዮ ለመቅረጽ ይረዳሉ፤ ቀረጻውም የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ይቀራል። የሕክምና ተማሪዎች ከሆኑ ከአገሩ የመስማት ባለሙያ ሥር ሆነው ይሠራሉ፤ መሣሪያ ከማምጣታቸው በፊት የባትሪው አቅርቦት ለምን ያህል ጊዜ እንደተረጋገጠ ይጠይቃሉ። ከቡድኑ መካከል መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ካሉ ደግሞ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ እንደ እነሱ ያለ ሰው ያያሉ። ይህን ሰሚ እንግዳ በምንም ስጦታ ሊተካው አይችልም።

ገንዘቡም በግልጽ መነጋገሪያ መሆን አለበት። የቡድኑ የአውሮፕላን ቲኬት ሂሳብ ከትምህርት ቤቱ የዓመት ፍላጎት ጋር ጎን ለጎን ሲጻፍ የማይመች ውይይት ይነሣል፤ መነሣቱ ደግ ነው። አንዳንዱ ቡድን ከውይይቱ በኋላ ሁለት ሰው ብቻ ልኮ የቀረውን መስማት ለተሳነው አንድ ወጣት የመምህርነት ትምህርት ሊከፍል ይወስን ይሆናል። ሌላው ይሄዳል፤ ግን ወጪው የራሱ ትምህርት ወጪ መሆኑን፣ ተጠቃሚውም በመጀመሪያ እሱ ራሱ መሆኑን አምኖ ይሄዳል። ይህን ማመን ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው የራስን ትምህርት የሌላ ሰው እርዳታ ብሎ መጻፍ ነው።

ልዩ ትምህርት ቤቶች የሚያፈሩት እርዳታ የሚቀበል ሰው ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው ሻሸመኔ ካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ካቋቋሙት አንዷ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንግዶቹን በትዝብት የምታያቸው ልጅ ከዓመታት በኋላ የድጋፍ ማመልከቻዎችን የምትመረምረው ኃላፊ ልትሆን ትችላለች።

ወደ ውጭ ለመሄድ የሚዘጋጅ ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ነገር ቀላል ነው። ከመነሣቱ ስድስት ወር በፊት የሚሄድበትን አገር ምልክት ቋንቋ መማር ይጀምር፤ አስተማሪው መስማት የተሳነው ሰው ይሁን፤ ይክፈለው። ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ያላዘዘውን ሥራ አይጀምር። ሲመለስም በገዛ ከተማው ያሉትን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይፈልጋቸው፤ እዚያም አሉ። ትምህርት ቤቶቹ በበኩላቸው የማይፈልጉትን ቡድን በአክብሮት «ዘንድሮ አይመቸንም» ብለው መመለስ ሲችሉ፣ ያንን ስላሉም ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚያጎድልባቸው ሰው ሲጠፋ፣ የሚመጣው እንግዳ ተጠርቶ የመጣ ይሆናል።